ፔጆዋ ኤረር የደረሰችበት ቀን

ሕጉ መኪናዋ እንድታምር ይፈቅዳል፤ እንድትሄድ አይፈቅድም። በ2071 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ «ቋሚ ቅርስ» ተብለው የተመዘገቡ አሥራ አንድ አሮጌ መኪኖች ነበሩ፤ አንዷ ከዚራ ሰፈር፣ ዘርጋው ግቢ ውስጥ የቆመችው ሰማያዊና ነጭ ፔጆ 404 ናት። ቀለሟ ሲላጥ መቀባት፣ ወንበሯ ሲቀደድ ማሰፋት ይቻላል። መቻል ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው፤ አቧራ ከተገኘባት ባለቤቱ ይጠየቃል። ኮፈኗ ግን በእርሳስ ማኅተም ታሽጓል። ከሥሩ ያለው ሞተር ቤንዚን ካሸተተ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነው።

ዘርጋው ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። አባቱ በዚህችው ፔጆ ታክሲ ሠርቶ ስድስት ልጅ አሳድጓል። እሱ ደግሞ ጋራዥ ከፍቶ የከተማውን መኪና ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ ጋራዦች ሲዘጉ መፍቻዎቹን አስረክቦ ቤቱ ገባ። ሁሉንም አለማስረከቡ መቼም ይገባችኋል። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጨርቁን ይዞ ይወጣና ይወለውላታል። ጎረቤት በመስኮት እያየ፣ ሚስቱን እንዲህ ቢንከባከብ ምን ነበረበት እያለ ይቀልድበታል። አልፎ አልፎ ተማሪዎች ይመጡና መሪ ምን እንደሆነ ያስረዳቸዋል። አንዲት ልጅ፣ ታዲያ መንገዱን ማን ይነግራት ነበር ብላ ጠይቃዋለች።

ከሥር ግን ሌላ ሥራ ነበረ። ኮፈኑ ስለታሸገ ሞተሩ ጋ በላይ በኩል አይደረስም፤ ስለዚህ ዘርጋው በታች መጣ። ጋራዥ ውስጥ ፎሳ የሚባለውን፣ መካኒክ ገብቶ ቆሞ የሚሠራበትን ጉድጓድ ከመኪናዋ ሥር ቆፈረ። አፈሩን በጣሳ እያወጣ አበባ መደቡ ላይ በተነው፤ አፉን በሳንቃና በአሮጌ ምንጣፍ ከደነው። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፈጀበት። ፒስተኖቹ ዝገው ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቀው ነበርና አርባ ቀን ሙሉ ዘይት እያጠጣ አላቀቃቸው። በሞተሩ ብረቶች መጋጠሚያ የሚገባው ጓርኒሲዮን የሚሸጥበት ቦታ ስለሌለ ከጫማው ቆዳ ቆርጦ ሠራ። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች በአሸዋ ፈተጋቸው። ባትሪውን ከቤቱ የፀሐይ ማመንጫ ቀንሶ ገጣጠመ። ሞተሪኖው ብቻ ተቃጥሎ ስለነበር አልዳነም፤ ቁልፍ ቢዞር አትነሳም፣ በግፊ ነው። የሞተሯን ድምፅ ግን አንድም ቀን አልሰማውም፤ ማስነሳት ማለት መጋለጥ ነውና።

ይህን ሁሉ ያደረገው ለፔጆዋ ፍቅር ብሎ አይደለም። ለምንትዋብ ብሎ ነው።

ምንትዋብ ሚስቱ ናት፤ ልቧ ደክሟል። የጤና ጣቢያው ማሽን እስከ መስከረም ድረስ ነው ያላት፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማሽኑ ለበሽተኛውም ለቤተሰቡም በአንድ ድምፅ ነው የሚናገረው። እሷ ሞትን አልፈራችም። የፈራችው የዕረፍት ሕንፃውን ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የሞተ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ተወስዶ፣ አሥራ አራት ፎቅ ያለው ሕንፃ ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት መሳቢያ ይገባል። የእሷ ልጅ ግን ኤረር፣ አፈር ውስጥ ነው። ኖላዊ ይባል ነበር። ብርቱካን እርሻው ላይ ይሠሩ በነበረበት ጊዜ፣ በዘጠኝ ዓመቱ፣ በሦስት ቀን ትኩሳት ሞተባቸው። ከዚያ ኤረር ሐሩሩ ስለባሰ «የተዘጋ ወረዳ» ተብሎ ሰው ወጣ፤ እነሱም ወጡ፣ ልጃቸው ቀረ።

ራሳቸውን የሚነዱትን የከተማውን መኪኖች ሰው «ታዛዥ» ይላቸዋል። የማንን ትእዛዝ እንደሚታዘዙ የሚጠይቅ የለም። ምንትዋብ አንድ ጊዜ ብቻዋን ታዛዥ ውስጥ ገብታ ኤረር ውሰደኝ አለችው። በለስላሳ የሴት ድምፅ እሺ ብሎ ሁርሶ ድረስ ወሰዳት፤ ታዛዦቹን የሚመራው መረብ ከሚያበቃበት ምልክት ሲደርስ ዞሮ መለሳት። በሩን ብትደበድብም አልከፈተላትም። ያን ቀን ቤት ስትገባ ዘርጋውን ጠርታ፣ «አጠገቡ አድርገኝ፤ ሌላ ምንም አልለምንህም» አለችው። ለጉድጓዱ መክደኛ ሳንቃ ፍለጋ የሄደው በማግስቱ ነው።

ቤንዚኑ በኮንትሮባንድ፣ በግመል ወተት ዕቃ፣ ከወተት ሻጮች ጋር ገባ። ስምንት ሊትር ነው፤ ለመሄጃ ይበቃል፣ ለመመለሻው አላሰበበትም። የሚሄዱት በሕይወት ሳለች፣ እሑድ ጎህ ሲቀድ ነው ብለው ቆረጡ፤ ዓርብ ዓመታዊው ምርመራ ስላለ እሱ ይለፍ ብለው ነው። ረቡዕ ጠዋት ዘርጋው ቤንዚኑን ቀድቶ ጉድጓዱ ውስጥ ሲወርድ፣ ሳልባቲዮው፣ የቤንዚን ቋቷ ማለት ነው፣ ከታች ሲያንጠባጥብ አየው። ድሮ የድሬ መካኒክ ለዚህ አይደነግጥም። ደረቅ የልብስ ሳሙና ፈርፍሮ፣ በጣቱ እንደ ሊጥ አሽቶ፣ ስንጥቁ ላይ ይለጥፋል፤ ቤንዚን ሳሙናን አያሟሟም። ዘርጋውም ግማሽ ሰዓት ሲያሽና ሲለጥፍ፣ ቤንዚኑ በክንዱ ሲወርድ፣ ጠብታው ቆመ። ልክ በዚህ ጊዜ የግቢው በር ተንኳኳ።

መርማሪው ሙክታር ነበር። ዓርብ ጁምዓ ስለሆነ ቀደም ብዬ ልጨርስላችሁ ብዬ ነው አለ። ክፋት የለበትም፤ አባቱ ዩሱፍ በዘርጋው ጋራዥ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ ሙክታር ራሱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምሳውን እዚህ ቤት ነበር የሚበላው። ዘርጋው እጁን በሳሙና፣ ቀጥሎ በአመድ፣ ቀጥሎ በሎሚ ታጠበ። የቤንዚን ሽታ ግን፣ የነካው ያውቀዋል፣ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

ሙክታር ማኅተሙን አየ፣ ጎማውን ነካ ነካ አደረገ፣ ቀለሟን አደነቀ፤ ምንጣፉን ሳይገልጥ «ሁኔታዋ መልካም» ብሎ ቅጹን ሞላ። ሊሄድ ሲነሳ የሐሩር ፊሽካ ተነፋ። ከአምስት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ታዛዦች ባሉበት ይቆማሉ፣ ሰውም ባለበት ቤት ይቀመጣል፤ እንግዳ ከሆነ እንግዳ ሆኖ ይውላል። ምንትዋብ ከአልጋዋ ተነስታ፣ ግድግዳ እየያዘች መጥታ፣ ምሳ ይቅረብ አለች። ወር ሙሉ እንዲህ ፊቷ ፈክቶ አያውቅም።

ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ሽሮና ቲማቲም ነው የቀረበው። ሥጋ ቢሆን ሙክታር የክርስቲያን ሥጋ አልበላም ብሎ ያመልጥ ነበር፤ የጾም ምግብ ሰበብ የለውም። ዘርጋው ዳር ዳሩን፣ በጣቱ ጫፍ፣ ከሙክታር ራቅ ብሎ ይበላል። ምንትዋብ ይህን አየችና ተቆጣች። ዩሱፍ ቢያይ ምን ይላል፣ ልጁ በስንት ጊዜው መጥቶ አታጎርሰውም ወይ አለችው። እሷ እንዳታጎርሰው እጇ ይንቀጠቀጣል። ዘርጋው ልጁ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ተይው አለ። እሷ ግን አልተወችም።

እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ነውር ብቻ ሳይሆን ያስጠረጥራል። ዘርጋው ትንሽዬ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ሙክታር አፍ ሰደደ።

ሙክታር አንድ ጊዜ አኘከና ቆመ። ሽታውን አውቆታል። አባቱ ማታ ማታ ቤት ሲገባ የሚያቅፈው በዚህ ሽታ ነበር። መንጋጋው ውስጥ ያለው ዘብም አውቆታል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ፣ ውኃው ከተመረዘበት ዓመት ወዲህ፣ የሚበላውን የሚመረምር ዘብ ጥርሱ ውስጥ ተተክሎለታል። ዘቡ እንግዳ ነገር ሲያገኝ መጀመሪያ ነዘር ያደርጋል፤ ይህ ለባለቤቱ ብቻ ነው። ሁለተኛ ሲያገኝ ባለቤቱ ለሚሠራበት ጽሕፈት ቤት ይናገራል። ሙክታር ጉንጩን ይዞ ጉርሻውን ዋጠው። ዘርጋው ፊቱን አይቶ ሁሉም ገባው፤ እጁን ከገበታው ላይ አነሳ።

«አንድ ያጣላል» አለች ምንትዋብ።

ሙክታር በቃኝ እትዬ አለ። ጠግቤአለሁ አለ። ሆዴን ያመኛል አለ። ዘርጋውም ተይው እንጂ ሴትዮ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። እሷ የቤንዚኑ ሽታ እጁ ላይ መቅረቱን አታውቅም፤ ቤቷ እንግዳ ገብቶ በአንድ ጉርሻ ተጣልቶ ሊወጣባት እንደሆነ ነው የታያት።

«በሞቴ ሙክታርዬ» አለችው።

በሞቴ ሁሉም ሰው ይላል። በየገበታው በቀን አሥር ጊዜ ይባላል። ግን ይህችን ሴት፣ እንዲህ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ፣ በሞቴ ስትል እምቢ ማለት ማን ይችላል? ሙክታር አልቻለም። ዘርጋውን አየውና አፉን ከፈተ። ዘርጋው እያወቀ አጎረሰው።

 ከዚያ ሙክታር ውኃ ጠጣና፣ «ጋሼ፣ ጥርሴ ተናግሯል» አለ። እሱ ዝም ሊል ወስኖ እንደነበር፣ አሁን ግን ዝምታው እንደማይጠቅም፣ አሥር ሰዓት ሲሆን መጥተው መኪናዋን እንደሚፈቱና ቤቱን እንደሚያሽጉ በዝግታ አስረዳቸው። ምንትዋብ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ማንም አልነገራትም፤ መንገር አላስፈለገም።

«አሁን እንሂድ» አለች ከጥቂት ጊዜ በኋላ።

ውጭው አርባ ዘጠኝ ዲግሪ ነው። ዘርጋው ሐሩሩ ሁርሶ ሳትደርሺ ይገልሻል አላት። እሷም እዚህ ብቆይስ ማን ያድነኛል አለችው።  አንሶላ አርጥቦ፣ ውኃ ይዞ፣ ተሸክሞ አወጣትና ኋላ ወንበር ላይ አስተኛት።

ድሮ ድሬ ውስጥ የቆመ መኪና አይቶ ሳይገፋ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። የተጣላህ ጎረቤትህም ቢሆን ይገፋልህና ሰላምታ ሳይሰጥህ ይሄዳል። አሁን በሕጉ መግፋት «የተከለከለ ጉዞን መርዳት» ይባላል፤ የራሱ አንቀጽ አለው። ሙክታር የመሥሪያ ቤቱን ሰደርያ አውልቆ፣ አጥፎ በርጩማው ላይ አስቀመጠና ከኋላ ገባ። በመጀመሪያው አልተነሳችም። በሁለተኛው አስነጠሳት። በሦስተኛው፣ ሙክታር ጫማው አስፋልቱ ላይ ቀልጦ እየተጣበቀ ሲገፋ፣ ዘርጋው ፍሪሲዮኑን ለቀቀና ሞተሩ ያዘ። ከዚራ በመስኮቱ መጋረጃ ኋላ ሆኖ ሰማ። አንዳንድ ሽማግሌ ድምፁን አውቆ እንዳለቀሰ በኋላ ተወርቷል፤ የወጣ ግን የለም።

ዘርጋው ለመሰናበት ዞር ሲል ሙክታር ጉልበቱን ይዞ መንገዱ መሃል ቆሞ ያለከልክ ነበር።

መንገዱ ባዶ ነው። ታዛዦቹ በየዳሩ ቆመዋል። ምንትዋብ መጀመሪያ ላይ ታወራ ነበር፤ መስኮቱን ትንሽ ዝጋው ትለዋለች፣ መልሳ ክፈተው ትለዋለች፣ አነዳድህ እንደ ድሮው ነው ብላ ትወቅሰዋለች። ሁርሶ ላይ ውኃ ጠየቀችና አጠጣት። ምልክቱን ሲያልፉ፣ አለፍን እንዴ አለችው። አዎ አለፍን አላት። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ዘርጋው ግን ማውራቱን አልተወም፤ ብርቱካን እርሻው የነበረበትን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሰው የሌለባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ እየጠራ ነገራት። አንገቱን አዙሮ ማየት ፈርቶ ነበር። ኤረር ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሲያቆም ሞታ አገኛት። ምን ያህል ጊዜ እንደሆናት አያውቅም። መሪው ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

የመቃብር ድንጋዮቹን ጎርፍ ከወሰዳቸው ቆይቷል፤ የልጃቸውን ቦታ የሚያውቁት እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፣ ከዋርካው ግንድ ሃያ ሁለት እርምጃ በፀሐይ መውጫ። ዘርጋው ለመቃብሩ ብሎ የያዛትን አካፋ አውጥቶ ቆፈረ። በሰባ ሦስት ዓመቱ፣ በዚያ ሐሩር፣ እንዴት እንዳልሞተ እሱም አያውቅም። ጉድጓዱ ጠለቅ ሲል ትንንሾቹን አጥንቶች አገኘ። አንድ በአንድ ሰበሰባቸው። እናትዬዋን አወረዳት፤ አጥንቱን ደረቷ ላይ አድርጎ፣ እጇን አስታቅፎ፣ ሁለቱን በአንድ ነጠላ ጠቀለላቸው። የሚያውቃትን ያህል ጸለየ። ከዚያ አፈሩን መለሰና መኪናዋን በቁልቁለቱ አንከባልሎ አስነስቶ ተመለሰ፤ እዚያው ቢገኝ ቦታውን እንደሚያጋልጥ አስቦ ነው። ቤንዚኑ ሁርሶ ምልክት አጠገብ አለቀ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የፔጆዋ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አገኙት።

ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ የት ቀበርካት? የሞተ ሰው ሁሉ መሳቢያ ሊኖረው ይገባል፤ የምንትዋብ መሳቢያ ባዶ ሆኖ መዝገቡ አልዘጋ አለ። የተዘጋ ወረዳ የሚገባ ቡድን ፈቃድ ለማግኘት አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት፤ እስኪገባ ነፋሱ ሁሉን አስተካክሎታል። ዘርጋው ስለ ሞተሩ ሲጠይቁት በደንብ ይመልሳል፣ ሳሙናውን ሳይቀር ያስረዳቸዋል። ስለ መቃብሩ ዝም ነው። ዕድሜ ልክ እስር አለ ቢሉት፣ ዕድሜ የት አለና ብሎ ሳቀባቸው።

በሃያኛው ቀን የጽሕፈት ቤቱ ሴትዮ መጣች። ጨዋ ሴት ናት፤ አልጮኸችም። የሙክታርን ፋይል ይዛ ነበር። ከሥራ ወጥቷል፣ ቤተሰቡ ከሚቀዘቅዘው ቤት ተነስቶ ቆርቆሮ ቤት ገብቷል፣ ትንሿ ልጁ በሐሩሩ ታማ ተኝታለች። ቦታው ከተነገረ የሙክታር ፋይል ዛሬውኑ ይዘጋል አለችው።

ዘርጋው አንድ ቀን ጊዜ ስጪኝ አላት። ያን ቀን ምንትዋብን አብዝቶ አሰባት። ብትሰማ ትገድለው ነበር። ከዚያ ደግሞ፣ ያውቃታል፣ የልጅቷን መታመም ስትሰማ ራሷ ሮጣ ትነግራቸው ነበር። በማግስቱ ሴትዮዋን አስጠራትና አንድ ነገር ብቻ ለመናት።

«እነግርሻለሁ። ግን ሁለት ናቸው። ልጁንም አብራችሁ አምጡት፤ አንድ መሳቢያ ይበቃቸዋል፣ ትንሽ ነው» አላት።

ሴትዮዋ ጻፈችው። ሲጻፍ ያዩት ነገር ሁሉ የሚፈጸም ይመስላል፤ ዘርጋውም አመነ። ዋርካውን፣ ሃያ ሁለቱን እርምጃ፣ ፀሐይ መውጫውን ነገራት።

ሙክታር ሥራው ተመለሰለት፤ ልጁም ዳነች። ይህን ለዘርጋው ነግረውታል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ አንድ ወረቀት ሰጠው። የምንትዋብ አስከሬን መነሳቱን፣ ዘጠነኛ ፎቅ መግባቱን፣ የመሳቢያዋን ቁጥር ይገልጻል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «በተጨማሪ የተገኘው የሕፃን አጽም በመዝገብ ቁጥር የሌለው በመሆኑ የማይነሳ ሆኖ ስለተገኘ፣ ከሟች እጅ ተለይቶ ወደነበረበት ጉድጓድ ተመልሷል። ለመለየት ሃያ ደቂቃ ወስዷል።»

ዘርጋው ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ በሩ ጋ ሄዶ ጠባቂውን ጠራውና፣ ነጠላው ከማን ጋር እንደቀረ ጠየቀው፤ ከእናቲቱ ጋር ነው ወይስ ልጁን አልብሰውታል?

ጠባቂው ወረቀቱን ተቀብሎ ፊትና ኋላውን አየ።

«አልተጻፈም» አለው።